የጉድጓዱ እስትንፋስ

ሐጅ ቡዝያንን ያን ቀን መቀመጥ እንቢ አላቸው። የቲያረት አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ ዳር ድንጋይ ሞልቷል፤ አንዱ ላይ አረፍ ይሉና ወዲያው ይነሣሉ፤ በቅሏቸውን ከአንዱ ቁጥቋጦ ፈትተው ሌላው ላይ ያስራሉ፤ ደግሞ አንጋጠው ወደ ምዕራብ ያያሉ። በምዕራብ በኩል ደመና እየተጎተተ ነበር። ዝናብ የገበሬ ወዳጅ ነው ቢባልም ሐጅ በዚያ ቀን ወዳጅነቱን አልፈለጉትም። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ የእህል ጉድጓድ ሊከፈት ነው፤ አፉ በተከፈተ ጉድጓድ ዝናብ ከገባበት ደግሞ የዓመት ልፋት አፈር በላ ማለት ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው አንድ ልጃቸው ቃዳ ነው። ሠርጉ ደርሷል። በዚያ አገር ስንዴ ከመሬት በታች፣ አንገቱ በጠበበ ሆዱ በሰፋ ጉድጓድ ይከተትና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ግድግዳው ዳር ርጥበት የነካው ስንዴ ውስጥ ለውስጥ ተብላልቶ ይጠቁራል፣ ኮምጠጥም ይላል። ሐሙም ይሉታል። ከሐሙም የተሠራ ኩስኩስ ያልቀረበበት ሠርግ ሠርግ ተብሎ አይወራለትም፤ የመጀመሪያውን ቅርጫት የሚያወጣውም ሙሽራው ራሱ ነው። ያውም ድንጋዩ እንደተነሣ፣ ወዲያው። ከጉድጓዱ የሚወጣው የመጀመሪያ ሽታ የእህሉ በረካ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሽታው ሳይበተን የወረደ ሰው በረካውን ይዞ ይወጣል ይባላል። አንድ ሌላ ሕግም አለ። በተከፈተ ጉድጓድ አጠገብ የሰው ስም አይጠራም፤ ከታች ያሉት ባለቤቶች፣ ጂኖቹ፣ ስሙን ሰምተው ሰውየውን ያስቀሩታልና።

ይህን ሕግ አንዲት ሴት ጥሳዋለች። የሐጅ ታናሽ ወንድም ሙኽታር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ጊዜ ሚስቱ ኸይራ አፉ ላይ ጎንበስ ብላ ስሙን ጠራች። ሙኽታር ሬሳ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኸይራ በሰፈሩ ሠርግ አትጠራም፣ ከሴቶቹ ጋር ዳቦ አትጋግርም። ሐጅ ለወንድማቸው ቤት ስንዴም ዘይትም ሳያጓድሉ ይልካሉ፤ ደጁን ግን ረግጠውት አያውቁም። ጉድጓዱም ባዶውን ተዘግቶ ኖረ። ዘንድሮ ግን የሙሽራዪቱ ወገኖች «ያ ቤት የገዛ ጉድጓዱን ይፈራል» ብለው አሙ፤ ሐሜቱ ከሐጅ ጆሮ ደረሰ፤ ሐጅም ኩሩ ናቸውና በመከር ጊዜ እስከ ግማሹ ስንዴ አስሞሉት። ሐሙሙ እንዲበዛ ብለውም በግድግዳው ዙሪያ ውሃ አስረጩበት። እንግዲህ ሐጅን መቀመጫ የነሳቸው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጃቸውን ወንድማቸው ወደ ሞተበት ጉድጓድ ሊያወርዱ ነው፤ ፈርተዋል፤ መፍራታቸውን ደግሞ ለማንም መናገር አይችሉም።

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ ከቲያረት እንዲገዛላቸው ያዘዙትን አዲስ ገመድ በመስኮት ወረወረላቸው። ከኋላው በር ደግሞ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ወረደች፤ የሙኽታርና የኸይራ ልጅ ኻልዲያ። ሞስታጋነም በሚገኘው የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?»

«ፈቃድ ጠይቄ ነው። የቃዳን ሠርግ ትቼ ምን ልማር?»

ሐጅ ፈገግ አሉ። ኻልዲያን ይወዷታል፤ ስትሄድ ወንድማቸውን ትመስላለች። እናቷ ደኅና መሆኗን መጠየቅ ወግ ነበር፣ ያን ግን እንደልማዳቸው ዘለሉት።

«ቦርሳሽን በበቅሎዋ ላይ ጣይና እግርሽን አንሺ። ቸኩያለሁ። ቃዳ ዛሬ ይወርዳል።»

«የት ነው የሚወርደው?»

«ጉድጓድ ነዋ። ሐሙም ሊያወጣ።»

«የትኛው ጉድጓድ?»

ሐጅ የበቅሎዋን ጆሮ ማየት ጀመሩ። «ታውቂዋለሽ» አሉ።

ኻልዲያ መንገዱ መሐል ቀጥ አለች። «አጎቴ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ቃዳ ዛሬ አይውረድ።»

«ገና አቧራሽን ሳታራግፊ ሟርት ጀመርሽ?»

«ሟርት አይደለም። ጉድጓዱን ክፈቱት፤ ግን ማንም አይግባበት። እስከ ነገ አፉን ከፍቶ ይተንፍስ።»

«ይተንፍስ? ጉድጓድ ደግሞ ሳንባ አለው?»

«እሱ የለውም፤ ውስጡ ያሉት ግን ይተነፍሳሉ። ብዛታቸው ቁጥር የለውም።»

ሐጅ በቅሎዋን ጎተቱ፣ ኻልዲያም ተከተለቻቸው። ነፋሱ ከፊታቸው ይመጣል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ሰብረው ነው የሚሄዱት።

«ከታች ያሉ እንዳሉማ እኛም እናውቃለን» አሉ ሐጅ። «ለዚያ ሞስታጋነም ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።»

«እርስዎ የሚሏቸው ሌላ፣ እኔ የምላቸው ሌላ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሊጥ ለምን ኩፍ ይላል?»

«እርሾ ስላለው።»

«እርሾው ምን ያደርገዋል?»

«ኩፍ ያደርገዋላ። ይህን ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

«እርሾ ሕይወት አለው፣ አጎቴ። ይበላል። ከዱቄቱ የሚወጣውን ጣፋጭ ይበላና ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ሊጡ ውስጥ ይታሰርና ይነፋዋል። ዳቦው ውስጥ የምናየው ቀዳዳ ሁሉ የሱ ትንፋሽ የነበረበት ቤት ነው።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«በማጉያ መነጽር አይቻለሁ። ክብ ክብ ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ ይያያዛል። ሲራባ ከጎኑ ልጅ ያጎነቁላል።»

«ሚስት አያገባም?»

«አያገባም።»

«ታድሎ። የሠርግ ጣጣ የለበትማ።»

ሐጅ ይህን ያሉት ለመሳቅ ነበር፣ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። ዓይናቸው እንደገና ወደ ደመናው ሄደ። ልጅቷ የምትለው ነገር ገና አልገባቸውም፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ ግን ገብቷቸዋል፣ ያ ነው የበለጠ ያስቸኮላቸው።

ኻልዲያ በእርሾ አላበቃችም። በብርድ ጠዋት የሚጨሰውን የፍግ ክምር አነሣች፤ ሳይደርቅ በተከመረ ስንዴ ውስጥ እጅ ሲገባ የሚሰማውን ሙቀት አነሣች። ሐጅ ገበሬ ናቸውና ይህን መካድ አልቻሉም። ርጥብ እህል እንደሚሞቅ፣ አንዳንዴም ርጥብ ድርቆሽ ራሱን እንደሚያቃጥል ከእሷ በፊት ያውቃሉ።

«ይሞቃል፤ ማን አይሞቅም አለሽ?» አሉ። «ርጥበት ያሞቀዋል። ለዚህ ነው እስከ ግማሹ አስሞልቼ ግድግዳውን ውሃ ያስረጨሁት።»

«ውሃ መቼ ነው ሙቀት ሆኖ የሚያውቀው? እሳቱን የሚያነዱት እነሱ ናቸው። ይመልከቱ፣ ምግብ ማለት እንደ ማገዶ ነው። አየር አግኝቶ ሲነድ ጉልበት ይሆናል፣ ሙቀት ይሆናል፣ ጢሱም ይወጣል። እኔና እርስዎ አሁን ይህን ዳገት የምንወጣው በበላነው ዳቦ እሳት ነው፤ የምናስወጣው ትንፋሽ ደግሞ ጢሳችን ነው። የተቃጠለ አየር ይባላል። እነዚያም እንደኛው ናቸው፤ ጠግበው ለመሥራት፣ ለመራባት፣ ነፍሳቸውን ለማቆየት ጉልበት ይፈልጋሉ። ስንዴው ደረቅ ከሆነ አብዛኞቹ ይተኛሉ። ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ። እርስዎ ደግሞ ውሃ አጠጥተው ቀሰቀሷቸው።»

ሐጅ ድንገት ቆመው ጣታቸውን አነሡ። ክርክር ያሸነፉ መስሏቸዋል፤ ሽማግሌ ክርክር ያሸነፈ ሲመስለው ደግሞ ከፊቱ ላይ ዕድሜው ይራገፍለታል።

«ያዝኩሽ» አሉ። «እሳት አየር ይፈልጋል ብለሻል። ጉድጓዱ ተመርጓል፤ ነፋስ አይገባውም። በምን ይነዳል? እነዚያ ጉዶችሽ ከሞቱ ቆይተዋል።»

«ጥሩ ብለዋል። ለመሆኑ ከሰል ሲከሰል አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ ከሰል ሲከሰል የማላየው? አባቴ ጫካ ነበር ያሳደገኝ።»

«ታዲያ እንጨቱን ከምረው ለምን በአፈር ይደፍኑታል?»

«እንዳይነድ ነዋ። አየር ከተነፈገው ግማሽ ይነድና ግማሹ ይቀራል።»

«በቀረው ከሰል ውስጥ እሳት የለም?»

«አለ እንጂ። ሻይ የምናፈላበት ምን ሆነና።»

«እነሱም ልክ እንደዚያ ናቸው። ጉድጓዱ እንደተመረገ ውስጡ የቀረውን አየር ተንፍሰው ይጨርሱታል። ከዚያ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ያለ አየር መብላት ያውቁበታል። ያለ አየር ሲበሉ እህሉን እስከ መጨረሻ አያነዱትም፤ ግማሹን አንድደው ግማሹን ኮምጣጣ አድርገው ይተዉታል። ከአንዱ ፍሬ የሚያገኙት ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ብዙ ፍሬ መብላት አለባቸው። ብዙ ሲበሉ ብዙ ይተነፍሳሉ። ሐሙም ማለት የእነሱ ከሰል ነው፣ አጎቴ።»

ሐጅ ጢማቸውን ያዙ። «ስለዚህ እኛ ለአማቶች የምናቀርበው፣ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት በልተው የተረፋቸውን ነው በይኛ።»

«እርጎም ትራፊያቸው ነው፤ ኮምጣጤም ትራፊያቸው ነው። ትራፊያቸው ይጣፍጣል። የሚገድለው ትንፋሻቸው ነው።»

«ሁሉም እህል ነው የሚበሉት?»

«ብረት የሚበሉም አሉ፣ ድኝ የሚበሉም አሉ። ፀሐይ አይቶት በማያውቅ ዓለት ውስጥ ከድንጋይ ጉልበት አውጥተው የሚኖሩ አሉ።»

«ድንጋይ በልቶ የሚያድር አማች ቢሰጠኝ ኖሮ። የቃዳ አማቶች ሥጋ ካላዩ ዳቦ አይቆርሱም።»

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ግን ሳቃቸው አጭር ነበር። ሐጅ ገመዱን ከበቅሎዋ ላይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ ወዲያው መልሰው ጫኑት፤ ለምን እንዳነሡት ራሳቸውም አያውቁም።

ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ተረታ ብሎ የሚያስብ ሰው ሽማግሌ አያውቅም። ሐጅ የመጨረሻውን ድንጋይ ገና አልወረወሩም።

«አባቴ» አሉ፣ «አላህ ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ሲወርድ ኖሮ ነው የሞተው፤ ያውም አልጋው ላይ። ድንጋዩ እንደተነሣ ነበር የሚወርደው። ያንቺ ትንፋሽ እሱን ምነው ሳይገድለው?»

«አያቴ ስንዴውን አድርቆ ነበር የሚከተው፤ ሐሙሙም ከግድግዳው ስር ጥቂት ነበር። ጉድጓዱንም እስከ አንገቱ ይሞላዋል፤ ሲወርድ ደረቱ ውጭ ነው የሚቀረው። እርስዎ ግማሽ ነው የሞሉት። ባዶ የቀረው ሆዱ በምን የተሞላ ይመስልዎታል? የተቃጠለ አየር ከደኅናው አየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ከታች ይተኛል። ለመሆኑ አያቴ ሲወጣ ምንም አይሆንም ነበር?»

ለሐጅ አባታቸው ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር ዓይኑ ቀልቶ፣ ራሱን ይዞ፣ እየተንገዳገደ ግድግዳ ሲደገፍ ታያቸው። ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር። «በረካው አሰከረው» ይባል ነበር።

«በረካው ያሰክረው ነበር» አሉ በቀስታ።

«ያ ነው። በረካ የምትሉት የመጀመሪያው ሽታ ትንፋሻቸው ነው። ሽታው ሳይበተን ውረዱ ትላላችሁ፤ ሰው የሚሞተው ደግሞ ሽታው ሳይበተን ሲወርድ ነው። አባቴም ቸኩሎ ነው የሞተው። ጥፋት የሠራ ሰው የለም።»

ሐጅ ዞረው አዩዋት። «እንዲህ በይ። ዙሪያ ጥምጥም የመጣሽው እናትሽን ነጻ ለማውጣት ነው።»

«አዎ» አለች ኻልዲያ። «ስለ እናቴ ነው። ስለ ቃዳም ነው። ቃዳ ዛሬ ቢሞት እናቴ የጠራችው ስም የለም፤ ያን ጊዜ ማንን ልትከሱ ነው?»

ሐጅ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሌት ተቀን ሲያብሰለስሉት የከረሙት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ከኮረብታው ጫፍ ደረሱ። ከታች፣ ከወይራው ዛፍ አጠገብ፣ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቶቹ ደመናው ሲቃረብ አይተው ሐጅን ሳይጠብቁ ድንጋዩን አንሥተውታል። ቃዳ ነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ወደ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ገመድ የለውም፤ ገመዱ ያለው በሐጅ በቅሎ ላይ ነው።

ሐጅ አጨበጨቡ። ማንም አልዞረም። ካባቸውን አውልቀው አውለበለቡ፣ አፏጩ፤ ነፋሱ ፉጨቱን ይዞት ወደ ኋላ ሄደ። ቁልቁለቱን መሮጥ ጀመሩ፤ ጫማቸው አንዱ ወለቀ። ቃዳ በክርኖቹ ተደግፎ ሰውነቱን ወደ ታች ለቀቀ፤ ወገቡ ተዋጠ፣ ደረቱ ተዋጠ። ከዚያ ወዲያ ሐጅ ያሰቡት ነገር አልነበረም። ማንም ያላሰበውን አደረጉ።

«ቃዳ! ቃዳ ልጄ፣ ውጣ!»

የሰዉ ሁሉ ፊት ዞረ። አንዲት አሮጊት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ቃዳ ግን ሰማ፤ ክርኖቹን ተጭኖ ወጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐጅ እየተንገዳገዱ ሲደርሱ ልጁ ግንባሩን እየዳሰሰ ነበር።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? በረካውን ልስብ ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ ራሴን ከበደኝ እንጂ ደኅና ነኝ።»

«ሐጅ» አለ አንዱ ጎረቤት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «ስሙን እኮ ጠሩት።»

«ጠራሁት» አሉ ሐጅ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፤ ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። «ልጁን አደጋ ላይ ያየ አባት ምን ያድርግ? ጠራሁት።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ በግ ይታረድ አለ፣ ሌላው ጉድጓዱ ይደፈን አለ፣ ቃዳም «ሙሽራው ፈራ ተብሎ ሊዘፈንብኝ ነው» ብሎ እንደገና ሊነሣ ሞከረ። ኻልዲያ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ፋኖስ አስመጣች፣ አበራችው፣ በገመዱ ጫፍ አስራ ቀስ እያለች ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። መብራቱ አንገቱን አልፎ ሆዱ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ቀጨጨ፣ ቀጥሎ ሆዱን እንደተመታ ሰው እጥፍ አለና ጠፋ።

«ባለቤቶቹ ብርሃን አይወዱም» አለ ያው ጎረቤት።

ሐጅ ኻልዲያን አዩ። ጎረቤቱ ያለውን ነገር እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ነው፤ አሁን ግን እንድትመልስለት ፈለጉ። «ምን ትያለሽ?» አሏት። «ብርሃን የማይወዱ ቢሆኑስ?»

«አጎቴ፣ እርስዎ የሚያውቋቸው ጂኖች በባልዲ ይቀዳሉ?»

«ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ይመልሱልኝ።»

«አይቀዱም። ጂንን በባልዲ የቀዳ ሰው አልሰማሁም።»

ኻልዲያ ባዶ ባልዲ በገመዱ አስራ አወረደች፤ ታች ሲደርስ ጥቂት አቆየችውና እንዳይንቀጠቀጥ አድርጋ ጎተተችው። አፉን በጨርቅ ከደነችው። ቃዳ የአባቱን ካባ በነፋሱ በኩል ጋርዶ ያዘላት፤ ሐጅ ፋኖሱን እንደገና አብርተው ብርጭቆውን አወለቁለትና መሬት ላይ አስቀመጡት። ኻልዲያ ጨርቁን ገለጠችና ባልዲውን ውሃ እንደሚያፈስ ሰው በነበልባሉ ላይ አዘነበለችው። ምንም የሚታይ ነገር አልወረደም። ነበልባሉ ግን ተኛና ሞተ።

ሐጅ ፋኖሱን አበሩት። ባልዲውን ቀምተው የደጅ አየር እንዲሞላው አናወጡትና ነበልባሉ ላይ ገለበጡት፤ መብራቱ ወዝወዝ ብሎ ቀጠለ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ አወረዱ፣ አወጡ፣ አፈሰሱ። ጠፋ። ደገሙት። አሁንም ጠፋ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ቆሙ።

«እንግዲህ ወንድሜን የገደለው ይህ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር በባልዲ የሚቀዳ ኖሯል።»

«ቃዳንም አሁን ሊደግመው ነበር» አለች ኻልዲያ።

ሰው በጨለማ ሲኖር ለማያውቀው ነገር ስም ያወጣለታል፤ ስም ካወጣለት በኋላ ደግሞ ያወቀው ይመስለዋል። የእነዚያ ሰዎችም ጥፋት ሞኝነት አልነበረም። ጉድጓዱ ይገድላል ማለታቸው እውነት ነበር፤ ከታች ሕያዋን አሉ ማለታቸውም እውነት ነበር። የሳቱት ሕያዋኑ ምን በልተው ምን እንደሚተነፍሱ ነው፤ ይህችን ብቻ በመሳታቸው ግን አንድ ሰው ቀበሩ፣ አንዲት ሴት ከሰው አወጡ።

ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር የድንኳን ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥረው ጉድጓዱን አየር በሚያስገባ አኳኋን ጋረዱት። ኻልዲያ የቅጠል ነዶ በገመድ አሳስራ፣ እንደ ወተት ናጪ ከላይ ወደ ታች እየናጡ የታመቀውን አየር እንዲያስወጡት አሳየቻቸው። ያ ጎረቤት ሳይቀር ገመዱን ያዘ።

ሐጅ ግን ከእነሱ ጋር አልቆዩም። ዝናቡ ራሳቸውን እየደበደበው፣ ባንድ እግራቸው ጫማ ባንዱ ያለ ጫማ፣ ረግጠውት ወደማያውቁት ደጅ ሄዱ። በሩን ሲያንኳኩ ኸይራ ከፈተችላቸው። ልጇ መስላት ነበር፤ ሐጅን ስታይ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«ኸይራ» አሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ መጥቼ ነው። ያን ቀን ስሙን የጠራሽው፣ ሙኽታር ደኅና ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ወድቆ?»

«ወድቆ ነው፣ ሐጅ። መጀመሪያ ተንበረከከ። እህል የሚዝቅ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ያኔ ነው የጠራሁት።»

«ስለጠራሽው አይደለም የወደቀው ማለት ነው።»

«ስለወደቀ ነው የጠራሁት።»

ሐጅ ውሃ የሚንጠባጠበውን ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ታዲያ አንቺ ሴት፣ ያኔ ምነው ሳትናገሪ? ይህን ሁሉ ዘመን አፍሽን ዘግተሽ?»

«ተናግሬያለሁ» አለች ኸይራ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ለእርስዎ ነው የተናገርኩት። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እጅዎን ይዤ። እጅዎን ነጥቀውኝ ሄዱ።»

ሐጅ ይህን አስታወሱ። እጃቸውን የያዘው እጅ እንደበረደም አስታወሱ። በሩ መቃን ላይ ተደግፈው፣ ሙኽታር በሞተ ቀን እንኳ ሳያለቅሱ ያለፉት ሰውዬ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። ኸይራ አላባበለቻቸውም፤ ግን ከዝናቡ እንዲገቡ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ነገ ነይ» አሉ ተረጋግተው ሲቀመጡ። «ጉድጓዱ ጋ ነይ።»

«ለሠርጉ ሰው ጎደለ ተብሎ ብቻ ብጠራ አልመጣም፣ ሐጅ። በእኔ ላይ የተባለውን የሰሙት ሁሉ ባሉበት ከሆነ እመጣለሁ።»

«የሰሙት ሁሉ ባሉበት ነው።»

በማግስቱ ሰማዩ ተጠርጎ ነበር። ፋኖሱ እስከ ስንዴው ድረስ ወርዶ፣ እዚያም ተቀምጦ ሳይጠፋ ቆየ። ሐጅ ሕዝቡን ዙሪያውን አቁመው ኸይራን ከጎናቸው አደረጉና ያለምንም ቅኔ እንዲህ አሉ፦ «ይህች ሴት ወንድሜን አልገደለችም። ወድቆ አይታ ነው የጠራችው። እኔም ትናንት ልጄን ጠራሁት፤ እኔን ማንም አልኮነነኝም፤ ሐጅ ስለሆንኩ ነው። በእሷ ላይ የተናገርነውን ሁሉ ዛሬ እዚሁ እንተው።» ከዚያም ኻልዲያ የነገረቻቸውን አንድ በአንድ ደገሙላቸው። ስንዴ ደርቆ ይግባ፤ ሐሙም የፈለገ በጋን ያብላላ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አያፍስስ። የተከፈተ ጉድጓድ አድሮ ይናፈስ። ከሰው በፊት መብራት ይውረድ፤ መብራቱ ቢበራም እንኳ ሰው ያለ ገመድ አይውረድ፤ የወደቀም ካለ ማንም ተከትሎት ዘሎ አይግባ፣ በገመዱ ይሳብ እንጂ። በረካውም የትም አይሄድም፤ በረካ ማለት የወረደው ሰው መውጣቱ ነው።

«አንድ ቀረ» አለች ኻልዲያ። «ከላይ ያለ ሰው የወረደውን ዝም ብሎ አይጠብቀው። በየመሐሉ በስሙ ይጥራው። ካልመለሰ ያኔውኑ ይጎትተው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የቀሩትን ሕጎች ሁሉ መቀበል ቀሏቸው ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ከበደቻቸው። ማን ይጠራል? ያ ጎረቤት መሬት መሬት አየ። ቃዳ ገመዱን ደረቱ ላይ አስሮ፣ ቅርጫቱን ይዞ እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል።

ሐጅ ወደ ኸይራ ዞሩ። «አንቺ ጥሪው» አሉ።

ቃዳ ወረደ። ራሱ ከአፉ በታች ጠፋ፤ ገመዱ በሐጅ መዳፍ ውስጥ እየተንሸራተተ ሄደ፣ ከዚያም ቆመ። ኸይራ ጉድጓዱ አፍ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። አፏ ደጋግሞ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ሐጅ በግራ እጃቸው ገመዱን እንደያዙ ቀኝ እጃቸውን ሰጧት። ያዘችው።

«ቃዳ» ብላ ጠራች።

ከታች፣ ከሆዱ ውስጥ፣ ወፈር ያለ የወጣት ድምፅ መለሰላት፦ «አቤት፣ እማማ።»